«የሰኞ ሸክም»፦ ሴቶች በጉልበት የበለጡባት ደሴ ሚዛን ላይ ስትወጣ

ልብወለዱ የሚጀምረው ውሃ ወረፋ ላይ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ጀሪካኗን ሞልታ፣ ገመዱን በደረቷ አዙራ፣ እንደ ወትሮው የሚያሸክማት ሰው መጠበቅ ሲገባት ራሷ ብድግ አድርጋ ጀርባዋ ላይ ታወጣዋለች። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ሌላ ምንም አይፈጠርም፤ ልጅቷ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ምዕራፉም ያልቃል። ውሃ ተሸክሞ የሚያውቅ አንባቢ ግን ምን እንዳየ ይገባዋል። 25 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጀርባ ላይ ከወጣ በኋላ ዳገቱን የሚገፋው እግርና ወገብ ነው፤ ከመሬት አንስቶ ማውጣቱ ግን የክንድና የትከሻ ሥራ ነው። «እስቲ አሸክሙኝ» የሚለው ልመና የመጣው ከዚያ ነው። ደራሲዋ የዓለሙን መለወጥ በመብረቅ ወይም በጦርነት አላበሰረችም፤ አንዲት ልጅ «አሸክሙኝ» ሳትል ቀረች፣ በቃ። እንዲህ የጀመረ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ሊነበብ ይገባዋል።

መጽሐፉ «የሰኞ ሸክም» ይባላል። 11 ምዕራፍ፣ 214 ገጽ ነው። ሽፋኑ ላይ የደራሲ ስም የለበትም፤ መግቢያው ላይ ግን ደሴ ተወልዳ ያደገች ሴት መሆኗን ትነግረናለች። ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ ከሚያከራዩት ሱቆች ይገኛል፤ ኪራዩ በቀን 10 ብር፣ መያዣው 200 ብር፣ ለሚገዛው ደግሞ 280 ብር ነው። የኅትመቱን ጣጣ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን፤ ይዘቱ ይቅደም።

ሴቶች ከወንዶች በጉልበት ቢበልጡ ምን ይሆናል ብሎ የሚነሳ ልብወለድ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገና ደጃፉ ላይ ነው። ጉልበቱ ከየት መጣ? ለየትኛዋ ሴት መጣ? በስንት ጊዜ? ይህን ሳይወስን የሚጽፍ ሰው በኋላ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አዲስ ሕግ ሲያወጣ ይውላል። እዚህ መጽሐፍ ላይ መልሱ ከመጀመሪያው ተቆርጧል፤ የተቆረጠውም ሰውነት በእርግጥ ከሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። እስከ ጉርምስና መዳረሻ ድረስ የወንድና የሴት ልጅ ጉልበት ያን ያህል አይራራቅም። የሚራራቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በአዋቂ ወንድ ደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን ከሴት 15 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፣ ጡንቻው ይወፍራል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢንም ይጨምራል። በአማካይ ሲታይ ሴት በክንድና በትከሻ የወንድን ጉልበት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ በእግር ደግሞ ከ60 እስከ 75 በመቶ ያህሉን ታወጣለች። ደራሲዋ ለውጡን ያሳረፈችው 12 እና 13 ዓመት በሞላቸው ልጃገረዶች ላይ ብቻ ነው። ታላላቅ እህቶቻቸው፣ እናቶቻቸው፣ አያቶቻቸው እንደነበሩ ቀሩ። ዘመኑ 20 ዓመት ሲገፋ ጉልበታሞቹ በርክተው እናያቸዋለን።

ይህች አንዲት ውሳኔ ሁለት ነገር ታተርፋለች። አንደኛው ከጅማት ጋር የተያያዘ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሊበረታ ይችላል፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማትና አጥንቱ ራሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈልጋሉ። ጉልበቱ በአንድ ሌሊት ቢወርድ ኖሮ የመጀመሪያዋ ከባድ ነገር ያነሳች ሴት የትከሻዋን ጅማት በጥሳ ትቀመጥ ነበር። እያደገች የምትጠነክር ልጅ ግን አጥንቷም ጅማቷም አብሮ ያድጋል። ሁለተኛው ትርፍ ቤት ውስጥ ነው፤ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾችም የተጻፉት እዚያ ነው። ጠቡ በመጀመሪያ የሚነሳው በሴትና በወንድ መካከል ሳይሆን በልጅና በእናት መካከል ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እናት ልጇን ለመምታት እጇን ታነሳለች፣ ልጅቷም ሳታስበው የእናቷን እጅ ቀለብ ታደርጋለች። ለቅጽበት ብቻ ነው የያዘችው። ስትለቀው የእናትየዋ የብር አምባር ተጣሞ አንጓዋ ላይ ተጣብቋል። ሁለቱም ዝም ብለው አምባሩን ያዩታል። በማግስቱ አብረው ብር ሠሪው ጋ ይሄዳሉ። አንጥረኛው ምን እንዳጣመመው ሲጠይቅ እናት በር ነው ትላለች፤ ልጅቷ አጠገቧ ቆማ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። አንድም የስሜት ቃል አልተጻፈም። አምባሩ መዶሻ ሲቀበል፣ ሲቃና፣ ግን ድሮ ወደነበረው ክብ ሳይመለስ እናየዋለን። ከዚያ በኋላ በሁሉም ምዕራፍ ይህች እናት ስትገባ አምባሩ ይጠቀሳል፣ ሁልጊዜም ትንሽ ጠመም ብሎ። ብዙ የታወቁ የአማርኛ ልብወለዶች ላይ እንኳ ዕቃ እንዲህ ሥራ ሲሠራ አናይም።

አራተኛው ምዕራፍ ስለ ምግብ ነው። ሦስት ጉልበታም ሴት ልጆች ያሉበት ቤት ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን ሲጣድ የነበረው አራት ቀን ይጣዳል፣ ሊጥ ማቡኪያው በትልቅ ይተካል፣ ማዕድ ላይ የሚቀድመውም ይቀየራል። ይህ ሁሉ ያሳምናል። አንድ ስሌት ግን ተዛብቷል። ልጆቹ ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ የሰው ሦስት እጥፍ ይበላሉ ተብሏል። አንድ ኪሎ ጡንቻ ሰውነት ዐርፎ ሲውል የሚፈጀው በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው፤ 10 ኪሎ ጡንቻ ቢጨምሩም ለዕረፍት ቀን ከአንድ እንጀራ ብዙ የራቀ ጭማሪ አይጠይቅም። እንጀራውን የሚጨርሰው ሸክሙ ነው። ይህ ቢታረም ምዕራፉ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሥራ ሲጠፋ ሞሰቡ ሙሉ ሆኖ የሚውል ቤት፣ ሥራ ሲገኝ ደግሞ የሚራቆት ቤት ማሳየት ይቻል ነበርና። ጾሙን ግን በትክክል ይዛዋለች። ረመዳን የያዘችውና ሁዳዴ የያዘችው ሁለት ጓደኛሞች እኩል ይሸከማሉ፤ አንዷ ቀን ውሃ ስለማትቀምስ የጭነት አውራጆች ቡድናቸው በሙሉ የማውረዱን ሥራ ከሱሑር (ከሌሊቱ የጾም ምግብ) በኋላ ወዳለው ንጋት ያዞረዋል። ማንም ማንንም አላስገደደም፣ ማንም ስለ መቻቻል አልሰበከም። ደሴን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው።

የመጽሐፉ ልብ ሰኞ ገበያ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ 19 ዓመት ሲሞላት ጫኝና አውራጅ ሆና ትገባለች። ደራሲዋ ሥራውን ከሥሩ ታውቀዋለች። ሙሉ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው ከመኪናው ጠርዝ ያሸክማል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ በትከሻና በማጅራቱ መሃል ይቀበላል፣ ጉልበቱን ሰበር ያደርጋል፣ ከዚያ በአጭር በአጭሩ እየረገጠ ይሄዳል። ጆንያው ጀርባ ላይ ዝቅ ካለ ወገብ ይጎትታል፣ ወደ አንገት ከወጣ ደግሞ ፊት ለፊት ይደፋል። ሲሚንቶ ከሆነ ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ግን ቅርጹ ስለማይታጠፍና አቧራው ከላብ ጋር ቆዳ ስለሚበላ ሸካሚው ከእህል ይልቅ ይጠላዋል። እነዚህ ሁሉ በታሪኩ ውስጥ በቦታቸው አሉ። ልጅቷ አሸካሚ አያስፈልጋትም፤ ኩንታሉን ጎንበስ ብላ ራሷ ታነሳለች። ስለዚህ 12 ወንድ ሆኖ ያወርድ የነበረው ቡድን ቀስ በቀስ 5 ሴት ይሆናል።

ሌላ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ ሴቶቹን ሀብታም ያደርጋቸው ነበር። ይህች ደራሲ አላደረገችም፤ ምክንያቷም ጥሩ ነው። ክፍያው በኩንታል ነው። አምስት ሰው የአሥራ ሁለቱን ሥራ በግማሽ ጊዜ ሲጨርስ ነጋዴው ያየው ሥራው መቅለሉን ነው። መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ኩንታል ማውረጃ በሁለት ዓመት ከ8 ብር ወደ 5 ብር ይወርዳል። ጉልበቱ የሴቶቹ ነው፣ ትርፉ የመጋዘኑ ባለቤት ነው። ከሥራ የወጡት ወንዶች ደግሞ ቤት ተቀምጠው ያኮርፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ በኋላ ወፍጮ ቤት ይቀጠራል፣ ሌላው ባጃጅ ይይዛል። ባጃጁን የሚያሽከረክረው በዚያው በድሮ ጉልበቱ ነው፤ መሪ ማዞር የሴትን ክንድ አይጠይቅም። ደራሲዋ ይህንን አስተውላ፣ ጉልበት ዋጋ ያለው የት እንደሆነ፣ የት ደግሞ እንደሌለው ቦታ ቦታውን ለይታ ታሳያለች።

ኮምቦልቻ መጽሐፉ ውስጥ የገባችበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ደረቅ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር የሚያነሳው ክሬን ነው፤ የትኛዋም ክንደ ብርቱ አትነካውም። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥም የልብስ ስፌት መስመር ላይ የሚፈለገው የጣት ፍጥነትና ትዕግሥት ነው። ዛሬ እነዚያ ወንበሮች ላይ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። በመጽሐፉ ዓለም ሴቶቹ ስፌቱን እየጣሉ ዳገቱን ወጥተው ደሴ ላይ አውራጅ ይሆናሉ፣ ወንበሩን ወንዶች ይወርሱታል። አንድ የቀድሞ የሰኞ ገበያ ሸካሚ መርፌ ሥር ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ለመግፋት ሲታገል የሚያሳዩት ሁለት ገጾች ግሩም ናቸው። ጣቶቹ ሻካራ ስለሆኑ ስስ ጨርቁ ይይዝበታል፤ ማታ ማታ ቅባት እየቀባ ያለሰልሳቸዋል።

ስህተቱ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ልጅቷ ተወዳድራ ሁለት ኩንታል አንድ ላይ ተሸክማ ከገበያው ሽቅብ በሩጫ ትወጣለች፣ ስትደርስም ትንፋሿ አልተቆራረጠም። ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፦ አንድ ጊዜ ማንሳትና ደጋግሞ መሸከም። የመጀመሪያው የጡንቻ ውፍረት ነው፤ ሁለተኛው የልብ፣ የሳንባና የደም ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ለአንድ ማንሳት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ዳገት ላይ ለሚደረግ ሩጫ ግን ወሳኝ ነው። 200 ኪሎው ደግሞ የጀርባ አጥንት ዲስኮች ላይ የሚያርፍ ነው፤ ጡንቻ ዲስክን አያወፍርም። ልጅቷን አንድ ኩንታል አሸክሞ፣ ሁለት ጊዜ አሳርፎ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ ማድረስ ይበቃ ነበር። አንባቢ ይበልጥ ያደንቃት ነበር እንጂ አይቀንስባትም።

ከዚህ የከፋው ግን ስድስተኛው ምዕራፍ ነው፤ ደራሲዋ የራሷን ሕግ ጥሳለች። ጉልበቱ ለልጃገረዶች ብቻ ነው ብላን አምነን ተቀምጠን ሳለን የ60 ዓመት አያት በድንገት በር ገንጥለው ሌባ ይጥላሉ። ትዕይንቱ ያስጨበጭባል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። እርሳቸው ከቻሉ እናትየዋ ለምን አልቻለችም? አምባሩስ ለምን ተጣመመ? የዚህ ዓይነት ልብወለድ የሚቆመው አንባቢ ሕጉን ስላመነ ነው፤ አንድ ጊዜ ለጭብጨባ ተብሎ ሲጣስ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይላላል። በሚቀጥለው ኅትመት ያ ምዕራፍ ቢወጣ ወይም በሩን የምትገነጥለው የልጅ ልጃቸው ብትሆን ይሻላል።

አሁን ወደ ቋንቋው። መጽሐፉን ከሌሎች የሚለየው ይህ ነው፣ በትርጉም ሊገኝ የማይችለውም ይህ ነው። አማርኛ ጎበዝ ሴትን ሲያደንቅ «ወንድ ናት» ይላል። ትንሽና የሚወደድ ነገርን በሴት ጾታ፣ ግዙፉንና አስፈሪውን በወንድ ጾታ ይጠራል፤ ጎጆ «ቤቷ» ስትሆን ፎቅ «ቤቱ» ነው፣ ጠጠር «ድንጋይዋ» ስትሆን ቋጥኝ «ድንጋዩ» ነው። ሴቶች በጉልበት የበለጡበት አገር ይህን አነጋገር እንዴት ይዞት ይቀጥላል? ደራሲዋ ስለዚህ አንድ ቃል አታስረዳም። ቃላቱን ብቻ በዝግታ ታዞራቸዋለች። አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ ሁሉም እንደለመድነው ነው። ስድስተኛው ላይ አንዲት ልጅ ቋጥኙን «እሷ» ስትል ሌላዋ ትስቅባታለች። ስምንተኛው ላይ ማንም አይስቅም። መጨረሻው አካባቢ የጦሳ ተራራ ራሷ ጉም የምትለብስ፣ ከተማዋን ቁልቁል የምታይ ሴት ሆናለች፣ የሳጥን ቁልፍ ደግሞ «ቁልፉ ትንሽዬ» ሆኖ በወንድ ጾታ ይቆላመጣል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ከባድ ነገር ሳያጉረመርም የተሸከመ ልጅ «ሴት ነህ!» ተብሎ ጀርባው ሲመታ፣ ልጁ በኩራት ቀና ይላል። አንባቢ እዚያ ሲደርስ ጆሮው ተለማምዷል፤ የተለማመደ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ከየት ጀምሮ እንደተለወጠ ይፈልጋል።

ተረቶችን በመገልበጥ ግን አላበዛችውም፣ ይህም ጥሩ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጣ አንድ ሰካራም አፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የሰማው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በየገጹ የተገለበጠ ተረት ቢኖር ኖሮ መጽሐፉ የቃላት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የአክብሮት አጠራሩ ነው። የ20 ዓመቷ የቡድን መሪ ኩንታል ብታነሳም ሽማግሌው ሸካሚ «አንቺ ልጄ» ይሏታል፣ እሷም «አንቱ» ትላቸዋለች። ጭነቱ ከባድ ሲሆን ግን ቀድመው ሳይነኩ ዓይኗን ያያሉ። ሥልጣኑ ያለው እዚያ ዓይን ላይ ነው። ስትደነግጥ «አብሽሪ» የሚሏትም እርሳቸው ናቸው። ጉልበት ዕድሜን አላሸነፈም፤ ወሎ ላይ ሊያሸንፍ አይችልምም።

ስለ ፍርሃት የተጻፈው ስምንተኛው ምዕራፍ በጥሞና ሊነበብ ይገባል። አንድ ወጣት ወንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከፒያሳ ወደ ሰፈሩ በእግሩ ይወርዳል። ከኋላው ሦስት ሴቶች እየተሳሳቁ ይመጣሉ። ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ማንም አልደወለለትም። መብራት ወዳለበት ጠርዝ ይሻገራል። ሩጫ ቢጀምር እንደሚያነሳሳቸው ያስባል፣ ስለዚህ አይሮጥም። ቁልፉን ጣቶቹ መሃል ይይዛል። ሴቶቹ ሰላም ብለውት ያልፋሉ። ቤቱ ገብቶ በሩን ሲቀረቅር እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ለወንድሙ ግን አይናገርም። ደራሲዋ የፈጠረችው ነገር የለም፤ ሴቶች ዛሬ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ ለወንድ ሰጠችው። ወንድ አንባቢዎች ይህን ምዕራፍ እንዳይዘሉት።

በዚያው ምዕራፍ ጠመንጃም ይነሳል፤ ጥይት የሚይዝ ክንድ እንደሌለ በሦስት ገጽ አሳይታ ትሻገራለች። እርግዝና ላይ ግን እጇ አጥሯል። ከአምስቱ አውራጆች አንዷ ታረግዛለች፣ በአንድ አንቀጽ ወልዳ ትመለሳለች። በእርግዝና ጊዜ የመገጣጠሚያ ጅማቶች ይላላሉ፤ የቱንም ያህል ጡንቻ ያላት ሴት ኩንታል ማንሳቷ ለዳሌና ለወገቧ አደጋ ነው። በዚያ ላይ ክፍያው በኩንታል ነው። ቡድኑ ድርሻዋን ይከፍላታል ወይስ አይከፍላትም? ከእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አንባቢ የሚጠብቀው ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሙሉ ምዕራፍ ይገባዋል።

አሥረኛው ምዕራፍ ሥልጣንን ያነሳል፤ መጽሐፉ እዚህ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሹ ድንቅ ነው፣ ግማሹ ችኩል ነው። ድንቁ የጅቡ ነው። ከከተማው ዳር ማታ ማታ የሚጮሁትን ጅቦች አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ለተማሪዎቿ ታስረዳለች። ዥንጉርጉሯ የእኛ ጅብ በእርግጥም እንዲህ ናት፤ ሴቷ ከወንዱ ትከብዳለች፣ መንጋውን የምትመራው ሴት ናት፣ ግልገል የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል፣ ወንዱ ሲደርስ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ሌላ ዘንድ ሄዶ ከታች ይጀምራል። መምህርቷ ግን አንድ ነገር ትጨምራለች፣ እውነትም ነው፦ ሴቷን የበላይ የሚያደርጋት የሰውነቷ መግዘፍ ብቻ ሳይሆን ሲጣሉ ከኋላዋ የሚቆሙት ዘመዶቿ ብዛት ነው። መጤው ወንድ የሚሸነፈው የሚደግፈው ስለሌለው ነው። ደራሲዋ ይህንን ይዛ ነው እንግዲህ በመጽሐፏ ዓለም ሙሽራው ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ የሚገባበትን ልማድ የሠራችው። ከእናቱ ቤት የወጣ ባል ሲበደል የሚጮህለት ወንድም አጠገቡ የለም። ይህ በደንብ የታሰበ ነው።

ችኩሉ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ቀበሌው፣ ከተማው አስተዳደር፣ ፍርድ ቤቱ ሁሉ በሴቶች እጅ ይገባል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሴቶቹ ጠንካሮች ስለሆኑ ነው ይለናል። የጅቡን ትምህርት የጻፈችው እጅ ይህን እንዴት ጻፈች? መሬት በማን ስም ነው የተመዘገበው? ቅሬውን፣ ማለትም እድሩን፣ የሚመራው ማነው? ገንዘብ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? እነዚህ በክንድ አይገለበጡም። ወሎ ለዚህ የራሷ ታሪክ አላት፤ ጸሐፊዋ ልትጠቀምበት ትችል ነበር። ወርቂትና መስታወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎን የገዙ፣ እርስ በርስም የተፎካከሩ ሴቶች ናቸው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ ያረፉት ወርቂት ግዛት ውስጥ ነበር። ወርቂት ልጇ በመቅደላ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ እንዳለ እያወቀች ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው፤ ልጇም ተገደለባት። ይህችን ሴት ገዢ ያደረጋት ጡንቻ አልነበረም፤ ከኋላዋ የቆመ ወገንና ፈረሰኛ ነበራት። እሷን የምታውቅ የወሎ ልጅ ሥልጣንን ከክንድ ጋር ማምታታት አልነበረባትም። ምዕራፉ በሦስት ወር ፈንታ ቅሬ ላይ ጀምሮ፣ ሴቶቹ መጀመሪያ መዝገቡን፣ ቀጥሎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ድምፁን እየወሰዱ ቢሄድ ለሁለተኛ መጽሐፍ የሚበቃ ነገር ነበረው።

ኅትመቱ ከይዘቱ ያንሳል። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ የታተመ ሲሆን ወደ ውስጥ ያለው ኅዳግ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ባለ 214 ገጽ መጽሐፍ ቢያንስ 2 ያስፈልገዋል። ስለዚህ የግራው ገጽ የመጨረሻ ቃላትና የቀኙ የመጀመሪያ ቃላት ጥርዙ ውስጥ ይገባሉ፣ ለማንበብ አጥብቀው ሲከፍቱት ደግሞ ሙጫው ይላቀቃል። ጥርዙ ስፌት የለውም፣ ሙጫ ብቻ ነው። አራት ነጥብ በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ተተክቷል፤ መስመር ሲያልቅ አንዱ ሁለት ነጥብ ላይ ቀርቶ ሌላው ታች ይወርዳል፣ ዓረፍተ ነገሩ ያለቀ አይመስልም። «ኃይል» እና «ሀይል» አንድ ገጽ ላይ አሉ። ይህ ሁሉ ይታለፋል። የማይታለፈው ከገጽ 150 ጀምሮ የገባው «እርማት» ነው። የተየበው ወይም ያረመው ሰው የጾታውን መዞር እንደ ስህተት ቆጥሮ አንዳንዱን ወደ ቀድሞው መልሶታል፤ ተራራው በአንድ አንቀጽ «እሷ»፣ በሚቀጥለው «እሱ» ይሆናል። ደራሲዋ በስምንት ምዕራፍ ቀስ ብላ የሠራችውን ያ እጅ በጥቂት ገጽ አፍርሶታል። ሲያነቡ እዚያ አካባቢ «እሱ» የሚል ካጋጠመዎት «እሷ» ብለው ይለፉት።

የኪራዩ አሠራር ቀላል ነው፤ መያዣው ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። መታወቂያ ለሚጠይቅ ሱቅ ግን አይተዉ፤ ሱቁ በማግስቱ ሳይከፈት ቢውል ሌላ ጉዳይዎ ይስተጓጎላል። መጽሐፉ በሁለት ቀን ይጨረሳል፣ ስለዚህ ከ280 ብሩ ይልቅ 20 ብሩ ያዋጣል። ገዝቶ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ጥርዝ ለሚሠራ ሰው አሳይቶ በክር ቢያሰፋው ይሻላል፤ ኅዳጉ ጠባብ ስለሆነ ከጎን ሳይሆን በመሃል መታጠፊያው እንዲሰፋ ይንገሩት፣ አለበለዚያ ቃላቱ ይበልጥ ይዋጣሉ። ሲከራዩ ደግሞ እዚያው ቆመው ከገጽ 97 እስከ 104 ያሉትን ቅጠሎች ይቁጠሩ፤ ቀድመው የሚላቀቁት እነርሱ ናቸው፣ አምስት አውራጆች ዋጋው ከ8 ወደ 5 ሲወርድ ሥራ የሚያቆሙበት ቀንም ያለው እዚያው ነው።